ከአንድ ስፔክትረም የጥቁር ጉድጓድ መጠነ ቁስ እንዴት ይገመታል? ከመረጃ ማውረድ እስከ ስህተት ወሰን

አንድ ስፔክትረም (በሞገድ ርዝመቱ ተዘርዝሮ የተለካ ብርሃን) ለሁለት ሰዎች ይሰጥና አንዱ የጥቁር ጉድጓዱን መጠነ ቁስ 190 ሚሊዮን ፀሐይ፣ ሌላው 34 ሚሊዮን ፀሐይ ብሎ ይመጣል። መረጃው አንድ፣ ቀመሩም አንድ። «ታዲያ የቱ ጋ ተሳሳትን?» የሚለው ጥያቄ ስለማይቋረጥ መልሱን ከነአሠራሩ እነሆ። ሁለቱን ቁጥሮች ያራራቃቸው ነገር 6ኛው እርምጃ ላይ ይገኛል፤ ወደዚያ ከመዝለልዎ በፊት ግን ከመጀመሪያው ይነሱ።

ሥራው የቆመበት ሐሳብ

በንቁ ጋላክሲ መሐል ጥቁር ጉድጓዱን የሚዞር ጋዝ አለ። ጋዙ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ፣ ወደ እኛ የሚመጣው ክፍል ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ የሚርቀው ወደ ቀይ ይሸሻል፤ በስፔክትረሙ ላይ ጋዙ የሚያወጣው መስመር (በተወሰነ የሞገድ ርዝመት ላይ የሚታይ የብርሃን ጉብታ) ተለጥጦ ይሰፋል። ስፋቱ ፍጥነቱን ይነግረናል። ጋዙ ከጥቁር ጉድጓዱ ያለውን ርቀት ደግሞ ካወቅን የስበት ሕግ መጠነ ቁሱን ይሰጠናል፦

መጠነ ቁስ = የቅርጽ ቋሚ × ርቀት × ፍጥነት² ÷ የስበት ቋሚ

ችግሩ ርቀቱ ነው። ጋዙ ያለበት አካባቢ በጣም ትንሽ ስለሆነ በተራ ቴሌስኮፕ አይለይም። በቅርብ ጋላክሲዎች ግን የማዕከሉ ብርሃን ሲለዋወጥ መስመሩ ስንት ቀን ዘግይቶ እንደሚከተል ተለክቷል፤ ከዚያም ርቀቱ በግምት ከብርሃን ኃይሉ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ እንደሚያድግ ታወቀ። ስለዚህ ለሩቅ ጋላክሲ ሁለት ልኬት ብቻ ይበቃል፦ የመስመሩ ስፋትና የማዕከሉ ብርሃን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስፋቱ በራሱ ይባዛል፣ ብርሃኑ ግን በስኩዌር ሩት ነው የሚገባው። ብርሃኑን 10 በመቶ ቢሳሳቱ ውጤቱ 5 በመቶ ያህል ይዛባል፤ ስፋቱን 10 በመቶ ቢሳሳቱ ግን 20 በመቶ። ትዕግሥትዎን ለስፋቱ ይቆጥቡ።

የሚሠራውና የማይሠራው

ዘዴው ሰፊ መስመር በሚታይባቸው ላይ ብቻ ይሠራል። ኤች ቤታ የምትባለው የሃይድሮጅን መስመር ከጎኗ ካሉት የኦክሲጅን መስመሮች እኩል ጠባብ ከሆነች፣ ፈጣኑ ጋዝ በአቧራ ተሸፍኗል ወይም የለም ማለት ነውና በዚህ መንገድ አይገምቱ። ጠባቧን መስመር ወደ ቀመሩ ቢያስገቡ ቀመሩ ቁጥር መስጠቱ አይቀርም፤ ቁጥሩ ግን ስለ ጥቁር ጉድጓዱ ምንም አይናገርም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፍለክሱ (ወደ እኛ የሚደርሰው የብርሃን መጠን) በትክክለኛ አሃድ የተስተካከለ ስፔክትረም። ስሎን ዲጂታል ስካይ ሰርቬይ ወይም ዴሲ ከሚባሉት የሰማይ ቅኝቶች ሕዝባዊ መረጃ በነፃ ይወርዳል።
- ለእያንዳንዱ ፒክስል የተሰጠ የኖይዝ መጠን። ያለዚህ የስህተት ወሰን ማስላት አይቻልም።
- የመሣሪያው የመለየት አቅም። ለስሎን በአማካይ 2000 ገደማ ነው፤ በፍጥነት ሲተረጎም 150 ኪሎ ሜትር በሰከንድ።
- የጋላክሲው ሬድሺፍት (በጠፈር መስፋፋት የተነሣ ሞገዱ ምን ያህል እንደተዘረጋ የሚገልጽ ቁጥር)።
- በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ በዚያ አቅጣጫ ያለው የአቧራ መጠን (ከአቧራ ካርታ በሰማይ አድራሻው ይነበባል)።
- የብረት ቴምፕሌት፣ ማለትም የብረት መስመሮች ሁሉ ተደራርበው የሚሠሩት ቅርጽ። አብዛኞቹ የተዘጋጁት አይ ዝዊኪ 1 ከምትባለው ጋላክሲ ስፔክትረም ነው፤ መስመሮቿ ጠባብ፣ ብረቷም ብርቱ ስለሆነ ለዚህ ትመቻለች።
- ፓይተን፣ ከነምፓይ፣ ከሳይፓይና ከአስትሮፓይ ጋር። ተራ ላፕቶፕ ይበቃል።

ሁሉንም ሠርቶ የሚያስረክብ ዝግጁ ፕሮግራም አለ። ይጠቀሙበት፤ ግን ቢያንስ አንድ ስፔክትረም በእጅዎ ሳይሠሩ አይጀምሩ። ፕሮግራሙ ሲሳሳት ዝም ብሎ ነው የሚሳሳተው።

እርምጃዎቹ

1. መስመሩን በሬድሺፍቱ ይምረጡ

ከ3800 እስከ 9200 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት አሃድ፣ የናኖ ሜትር አንድ አሥረኛ) ለሚያይ መሣሪያ፦

- እስከ 0.7 ገደማ፦ ኤች ቤታ፣ ከ5100 አንግስትሮም ብርሃን ጋር።
- ከ0.7 እስከ 1.9 ገደማ፦ ማግኒዥየም 2 (2800 አንግስትሮም አካባቢ)፣ ከ3000 አንግስትሮም ብርሃን ጋር።
- ከ1.9 በላይ፦ ካርቦን 4 (1549 አንግስትሮም)፣ ከ1350 አንግስትሮም ብርሃን ጋር።

ሁለት መስመር አብሮ ከታየ ኤች ቤታን ያስቀድሙ። የጋዙን ርቀት በቀጥታ የለኩት ሥራዎች በአብዛኛው የተሠሩት በእሷ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ቀመሮች የተገሩት ከእሷ ጋር እንዲስማሙ ተደርገው ነው። ማግኒዥየም 2 ጥሩ ምትክ ነው። ካርቦን 4 የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

2. ስፔክትረሙን ይክፈቱና ያጽዱ

በስሎን ፋይል ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ በሎግ ነው የተቀመጠው፤ 10ን በዚያ ቁጥር ከፍ ሲያደርጉ አንግስትሮም ያገኛሉ። ፍለክሱ በ10⁻¹⁷ ኤርግ በሰከንድ በካሬ ሴንቲ ሜትር በአንግስትሮም ነው። የኖይዙ ዓምድ ደግሞ የተገለበጠ ቫርያንስ ነው፤ የአንዱን ፒክስል ስህተት ለማግኘት 1ን ለስኩዌር ሩቱ ያካፍሉ። ዜሮ የተጻፈበት ፒክስል የተበላሸ ስለሆነ ይጣል። ዜሮን «ስህተት የለውም» ብሎ ማንበብ ማስማሚያውን (ኩርባዎችን ከመረጃው ጋር የሚያስማማውን ስሌት) ከሥሩ ያናጋል።

ከዚያ የራሳችን ከባቢ አየር የሚያበላሻቸውን ቦታዎች ይመልከቱ፦ 5577 እና 5890 አንግስትሮም (የሰማይ ብርሃን)፣ 6870 እና 7600 አካባቢ (ኦክሲጅን የሚውጠው)። ሬድሺፍቱ 0.147 ገደማ ከሆነ ኤች ቤታ በትክክል 5577 ላይ፣ 0.563 ገደማ ከሆነ 7600 ላይ ትወድቃለች። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሸፍኖ ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ የመስመሩ ጫፍ ከጠፋ ስፋቱም አይታመንም።

የሲግናል ለኖይዝ ምጣኔው በመስመሩ አካባቢ በፒክስል 10 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ5 ሲወርድ ሰፊው ክንፍ በኖይዙ ውስጥ ይሰምጣል፤ ስፋቱም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

3. መጀመሪያ አቧራውን፣ ቀጥሎ ሬድሺፍቱን ያርሙ

ቅደም ተከተሉን አያገላብጡ። የፍኖተ ሐሊብ አቧራ ብርሃኑን የሚያገኘው ከረጅም ጉዞው መጨረሻ ላይ፣ ሞገዱ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ስለዚህ እርማቱ መሣሪያው ባየው የሞገድ ርዝመት ላይ መሠራት አለበት። ከዚያ በኋላ የሞገድ ርዝመቱን ለ(1 + ሬድሺፍት) ያካፍሉ።

ሬድሺፍቱን ከፋይሉ እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ ጠባቧ የኦክሲጅን መስመር 5008.2 አንግስትሮም ላይ መቀመጧን ያረጋግጡ። «መጽሐፉ 5007 ይላል» ካሉ፣ ያ በአየር ውስጥ የተለካው ነው፤ የስሎን መረጃ የሚጠቀመው የባዶ ቦታውን ነው። ኤች ቤታም በአየር 4861.3፣ በባዶ ቦታ 4862.7 ናት። ሁለቱን መደባለቅ 80 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያህል ያንሸራትታል። ስፋትን አይለውጥም፣ ጠባቡን መስመር ከሰፊው ሲለዩ ግን ያደናግራል።

4. ኮንቲኒዩሙንና ብረቱን አብረው ያስማሙ

ኮንቲኒዩም ከመስመሮቹ ሥር እንደ ወለል የተዘረጋው ብርሃን ነው። መስመሩን ለመለካት ወለሉ መታወቅ አለበት፤ ወለሉን ዝቅ ያደረገ ሰው ሰፊ መስመር፣ ከፍ ያደረገ ጠባብ መስመር ያገኛል።

ለኤች ቤታ ከ4435 እስከ 4700 እና ከ5100 እስከ 5535 አንግስትሮም ያሉትን ክፍሎች ብቻ ይውሰዱ (ሬድሺፍቱ ከታረመ በኋላ)። መሐሉን፣ መስመሮቹ ያሉበትን፣ ለጊዜው ይተዉት። በእነዚህ ክፍሎች ላይ አንድ ፓወር-ሎው ኩርባ (የሞገድ ርዝመቱን በአንድ ቋሚ ቁጥር ከፍ በማድረግ የሚገኝ ለስላሳ ኩርባ) እና የብረት ቴምፕሌቱን በአንድ ላይ ያስማሙ። ቴምፕሌቱ ሦስት ነገሮች ይፈቀዱለት፦ ቁመቱ፣ ስፋቱና ትንሽ ግራ ቀኝ መንሸራተቱ። ለማግኒዥየም 2 ክፍሎቹ ከ2200 እስከ 2700 እና ከ2900 እስከ 3090 ናቸው፤ ቴምፕሌቱም የአልትራቫዮሌቱ ይሁን። ለካርቦን 4 ከ1445 እስከ 1465 እና ከ1700 እስከ 1705 ይበቃል፤ እዚያ ብረቱ ደካማ ስለሆነ ብዙዎች ይተዉታል።

ብረቱን ለምን እንዲህ እንከባከበዋለን? ሁለት የብረት መስመሮች በ4924 እና በ5018 አንግስትሮም አካባቢ፣ ልክ ኦክሲጅኖቹ ጥግ ተቀምጠዋል። ካልተቀነሱ የኤች ቤታ ቀይ ክንፍ ይመስላሉ፤ ማስማሚያውም ሌላ ሰፊ ክፍል ጨምሮ ይሸፍናቸዋል። ከ4435 እስከ 4700 ጉብታ የሚታይ ከሆነ ብረቱ ብርቱ ነው፤ ቴምፕሌቱን ሳያስገቡ አይቀጥሉ።

የአስተናጋጁ ጋላክሲ ከዋክብትም በወለሉ ውስጥ አሉ። የካልሲየም መስመሮች በ3934 እና በ3969፣ የማግኒዥየም ደግሞ በ5175 አካባቢ ወደ ውስጥ የገቡ ሆነው ከታዩ የከዋክብቱ ድርሻ ቀላል አይደለም፤ የከዋክብት ቴምፕሌት ይጨምሩ። የ5100 ብርሃን ከ10⁴⁵ ኤርግ በሰከንድ ከበለጠ ማዕከሉ ስለሚውጣቸው ብዙም አያሳስብም። ከ10⁴⁴ በታች ሲወርድ ግን የግድ ነው።

5. መስመሮቹን ወደ ጠባብና ሰፊ ይለያዩ

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።

ወለሉንና ብረቱን ከቀነሱ በኋላ ከ4700 እስከ 5100 አንግስትሮም ያለውን ይውሰዱ። እዚያ ውስጥ ያሉት፦ ሰፊዋ ኤች ቤታ፣ በላይዋ የተቀመጠችው ጠባቧ ኤች ቤታ፣ እና ኦክሲጅኖቹ በ4960.3 እና በ5008.2።

ጠባቧ የምትመጣው ከጥቁር ጉድጓዱ ርቆ ካለ፣ ቀስ ብሎ ከሚንቀሳቀስ ጋዝ ነው፤ ስለ ጥቁር ጉድጓዱ መጠነ ቁስ አትመሰክርም። ካልተነሣች ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። ሰፊው ክፍል ቁመቱ 10፣ ስፋቱ 4000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ነው እንበል። በላዩ ቁመቷ 10፣ ስፋቷ 400 የሆነ ጠባብ መስመር ተደረበች። ጠቅላላ ቁመቱ 20 ሆነ፤ ግማሹ 10። አሥር ደግሞ የሰፊው ክፍል ራስ ነው። «ግማሽ ቁመት ላይ ያለውን ስፋት» ሲለኩ ከ1000 በታች የሆነ ቁጥር ያገኛሉ፤ መጠነ ቁሱ ከ16 እጥፍ በላይ አነሰ ማለት ነው። አንዲት ቀጭን መስመር ናት ይህን ሁሉ ያደረገችው።

ስለዚህ፦

ሀ) ሁለቱን ኦክሲጅኖች በአንድ ፍጥነትና በአንድ ስፋት ይሰሯቸው። የ5008ቱ ፍለክስ የ4960ው 3 እጥፍ እንዲሆን ያስገድዱ፤ ይህ በአቶሙ ባሕርይ የተወሰነ ምጣኔ ስለሆነ ነፃነት አያስፈልገውም።

ለ) ጠባቧን ኤች ቤታ ከኦክሲጅኖቹ ጋር በፍጥነትም በስፋትም ያያይዟት። ቁመቷ ብቻ ነፃ ይሁን። ብዙ ጊዜ ፍለክሷ የ5008ቱ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው፤ ማስማሚያው እኩል ነው ካላችሁ አትመኑት፣ ከሰፊው ክፍል ጫፍ ሰርቋል።

ሐ) ኦክሲጅኖቹ ወደ ሰማያዊ የተዘረጋ ጅራት ካላቸው ለጅራቱ ሌላ ጋውሲያን (የደወል ቅርጽ ያለው ኩርባ) ይስጡት። ጠባቧን ኤች ቤታ ግን ከዋናው ግንድ ጋር ያያይዙ እንጂ ከጅራቱ ጋር አይደለም።

መ) ሰፊውን ክፍል ከ1 እስከ 3 ጋውሲያን ይሥሩት፤ እያንዳንዱ ቢያንስ 1200 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይሁን። ይህ ገደብ ከሌለ አንዱ ጋውሲያን ቀጥኖ የጠባቧን ቦታ ይወስዳል። በአንድ ጀምረው ሁለተኛውን የሚጨምሩት ቀሪው (ከመረጃው ላይ ማስማሚያው ሲቀነስ የሚተርፈው) ላይ በዓይን የሚታይ ቅርጽ ሲቀር ብቻ ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ኖይዝ ነው የሚያስማማው።

ካይ-ስኩዌሩ (ማስማሚያው ከመረጃው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው ቁጥር) ጥሩ ቢሆንም ሥዕሉን ሳያዩ አያሳልፉ። መረጃውን፣ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው፣ ከሥር ደግሞ ቀሪውን ይሳሉ።

ማግኒዥየም 2 ድርብ መስመር ነው፤ ሁለቱ በ770 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያህል ይራራቃሉ። ሰፊው ክፍል 4000 ሲሆን ይህ አይታወቅም፤ 2000 አካባቢ ሲሆን ግን እንደ አንድ መስመር መያዝ ስፋቱን ያጋንናል።

6. ስፋቱን ይለኩ

የሚፈለገው ግማሽ ቁመት ላይ ያለው ሙሉ ስፋት ነው። ሰፊዎቹን ጋውሲያኖች ይደምሩ፣ የድምሩን ጫፍ ያግኙ፣ ግማሹን ይውሰዱ፣ ከግራና ከቀኝ የሚቆርጥበትን ሁለት ነጥብ ይፈልጉ፣ ልዩነቱን ለመስመሩ የሞገድ ርዝመት አካፍለው በ299,792 ያባዙ፤ ውጤቱ ኪሎ ሜትር በሰከንድ ነው። የጋውሲያኖቹን ስፋቶች በመደመር ወይም በአማካይ አይገኝም።

የ34 ሚሊዮኑ ምስጢር ይኸው። ፕሮግራሞች ጋውሲያንን የሚገልጹት በሲግማ (በስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ) ነው። ሲግማ ወደ ግማሽ ቁመት ስፋት ሲለወጥ በ2.355 ይባዛል። ያልተለወጠ ሲግማ ወደ ቀመሩ ከገባ ስኩዌሩ 5.5 እጥፍ ያሳንሳል፤ 190 ሚሊዮኑ 34 ሚሊዮን ይሆናል።

የመሣሪያውንም ድርሻ ይቀንሱ፦ √(የተለካው² − የመሣሪያው²)። ለ4000 ስፋት 150ን መቀነስ 3 ያህል ብቻ ነው የሚለውጠው። ለጠባብ መስመሮች ግን ይታያል።

7. ብርሃኑን ያስሉ

በሬድሺፍት 0.2 ላይ ያለ ጋላክሲ እንውሰድ። የጠፈርን መስፋፋት የሚለካው የሃብል ቋሚ 70፣ በጠፈር ውስጥ የቁስ ድርሻ 0.3 ሲሆን የብርሃን ርቀቱ 980 ሜጋ ፓርሴክ ነው፤ በሴንቲ ሜትር 3.02 × 10²⁷። የ5100 ብርሃን መሣሪያው ላይ የሚታየው 5100 × 1.2 = 6120 አንግስትሮም ላይ ነው። እዚያ የኮንቲኒዩሙ ፍለክስ (አቧራው ታርሞ፣ ከዋክብቱ ተቀንሰው) 30 × 10⁻¹⁷ ሆነ እንበል።

ብርሃን = 4 × 3.1416 × ርቀት² × 6120 × 30 × 10⁻¹⁷ = 2.1 × 10⁴⁴ ኤርግ በሰከንድ

የሞገድ ርዝመትና ፍለክስ ሲባዙ የ(1 + ሬድሺፍት) ምጣኔ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁለቱንም እንደታዩ ይውሰዱ፣ ወይም ሁለቱንም ያርሙ፦ ሞገዱን ለ1.2 ካካፈሉ ፍለክሱን በ1.2 ያባዙ። ሞገዱን ብቻ ማረም በሬድሺፍት 2 ብርሃኑን 3 እጥፍ ያሳንሳል።

8. ወደ ቀመሩ ያስገቡ

ስፋቱ በ1000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ፣ ብርሃኑ በ10⁴⁴ ኤርግ በሰከንድ ይለካል፤ ውጤቱ በፀሐይ መጠነ ቁስ ነው።

- ኤች ቤታ፦ ሎግ(መጠነ ቁስ) = 6.91 + 2 × ሎግ(ስፋት) + 0.50 × ሎግ(የ5100 ብርሃን)
- ማግኒዥየም 2፦ ሎግ(መጠነ ቁስ) = 6.86 + 2 × ሎግ(ስፋት) + 0.50 × ሎግ(የ3000 ብርሃን)
- ካርቦን 4፦ ሎግ(መጠነ ቁስ) = 6.66 + 2 × ሎግ(ስፋት) + 0.53 × ሎግ(የ1350 ብርሃን)

ሎጉ በ10 መሠረት ነው። በምሳሌያችን ስፋቱ 4000 ከሆነ፦ 6.91 + 2 × 0.602 + 0.5 × 0.324 = 8.28። ማለትም 1.9 × 10⁸፣ 190 ሚሊዮን ፀሐይ።

ቀመሩን በጭፍን እንዳይዙት በሌላ መንገድ ይፈትሹት። ርቀቱ ከብርሃኑ ሲሰላ፦ ሎግ(ርቀት በብርሃን-ቀን) = 1.527 + 0.533 × 0.324 = 1.70፣ ማለትም 50 የብርሃን ቀን። ርቀቱን በብርሃን-ቀን፣ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰከንድ ካደረጉ የስበቱ ቀመር 0.195 × ርቀት × ፍጥነት² ይሆናል፤ 0.195 × 50 × 4000² = 1.56 × 10⁸። ከ1.9 × 10⁸ የሚለየው በ1.2 ገደማ ነው፤ ያ የጋዙን አዟዟር የሚወክለው የቅርጽ ቋሚ ነው።

ካርቦን 4 ላይ ለብቻው ጥንቃቄ ያሻል። የጋዙ ከፊል እየዞረ ሳይሆን እንደ ነፋስ ወደ ውጭ እየተገፋ ስለሆነ መስመሩ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፣ ስፋቱም የስበት ብቻ አይሆንም። ሽሽቱን በኪሎ ሜትር በሰከንድ ይለኩና ስፋቱን ለ(0.41 × ሽሽት ÷ 1000 + 0.62) ያካፍሉ። ሽሽቱ 2000 ከሆነ አካፋዩ 1.44 ነው። እርማቱን ሲጠቀሙ የቀመሩ 6.66 ወደ 6.71 ይለወጣል፤ ሁለቱ የተገሩት አብረው ነው። ይህ ሁሉ ግን ሽሽቱን የሚለኩበት አስተማማኝ ሬድሺፍት ካለዎት ነው። ከካርቦን 4 ከራሱ የተገኘ ሬድሺፍት ሽሽቱን ዜሮ ያደርገዋል።

9. የስህተት ወሰኑን ያስሉ

በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ከኖይዙ መጠን የወጣ የዘፈቀደ ቁጥር ይጨምሩና ከ4ኛው እርምጃ ጀምሮ ሁሉንም ይድገሙ። 100 ጊዜ ቢያንስ። ከውጤቶቹ 16ኛውና 84ኛው ፐርሰንታይል የልኬት ስህተትዎ ነው። ወለሉን ሳይነኩ መስመሩን ብቻ ቢደግሙ ስህተቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል።

ጥሩ ስፔክትረም ላይ ይህ 0.05 ዴክስ (በ10 መሠረት ሎግ የሚለካ ልዩነት) ገደማ ይወጣል። በዚያ አይደሰቱ። ዘዴው ራሱ 0.4 ዴክስ ገደማ ይዋልላል፤ የጋዙን ቅርጽ፣ ወደ እኛ ያለውን ዝንባሌ አናውቅምና። የምሳሌያችን ትክክለኛ አጻጻፍ 8.28 ± 0.05 (ልኬት) ± 0.4 (ዘዴ) ነው፤ ከ75 እስከ 470 ሚሊዮን ፀሐይ። «189.3 ሚሊዮን» ብሎ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው።

10. ውጤቱ ያስኬዳል ወይ?

የኤዲንግተን ወሰኑን (የብርሃን ግፊት ከስበት ጋር የሚተካከልበትን የብርሃን ኃይል) ያስሉ፦ 1.26 × 10³⁸ × መጠነ ቁስ። ለእኛ 2.4 × 10⁴⁶ ኤርግ በሰከንድ። ጠቅላላ ብርሃኑን ለመገመት የ5100ውን በ9.26 ያባዙ፦ 1.95 × 10⁴⁵። ምጣኔው 0.08 ነው፤ ሰፊ መስመር ላላቸው ከ0.01 እስከ 1 መሆን የተለመደ ስለሆነ ያስኬዳል። 5 ወይም 10 ከወጣ ጠባቧን መስመር ወይም ሲግማውን ይጠርጥሩ፤ 0.0005 ከወጣ ደግሞ ብረቱን ወይም ወለሉን።

ማስጠንቀቂያዎችና የተለመዱ ስህተቶች

- ጄቱ (ከጥቁር ጉድጓዱ አካባቢ የሚወረወረው ፈጣን ፍሰት) ወደ እኛ የዞረ ዕቃ። የ5100 ብርሃን ከጄቱ ጭምር ስለሚመጣ ርቀቱ ይጋነናል። በኮንቲኒዩሙ ፈንታ የመስመሩን ብርሃን የሚጠቀም ቀመር ይያዙ።
- ባለ ሁለት ጫፍ መስመር። ግማሽ ቁመቱ የቱ ጫፍ ላይ ተመሥርቶ እንደሚለካ ስለማይታወቅ ቁጥሩ ይዘላል። ምልክት አድርገው ለብቻ ያስቀምጡት።
- ካርቦን 4 ላይ የተቆረጠ ሰማያዊ ክንፍ። በሰፊ የመዋጥ መስመር የተበላ ከሆነ የቀረውን ጋውሲያን ማልበስ የሌለውን መፍጠር ነው። ይጣል፣ ወይም ማግኒዥየም 2 ይፈለግለት።
- አቧራውን መርሳት። በዚህኛው ምሳሌ አቧራው የሚያመጣው የቀለም ልዩነት 0.05 ቢሆን ብርሃኑ 12 በመቶ ገደማ ይቀንስ ነበር፤ መጠነ ቁሱ ግን 6 በመቶ ብቻ። ከባድ ስህተት አይደለም፣ ግን ለማረም አንድ መስመር ኮድ ነው።
- ከዋክብቱን መርሳት። 30 በመቶው ብርሃን የከዋክብት ቢሆን መጠነ ቁሱ 20 በመቶ ያህል ይጋነናል። የኤዲንግተኑ ምጣኔም አብሮ ስለሚዛባ 10ኛው እርምጃ አያጋልጠውም።
- ከተለያየ ቀመር የመጡ ቁጥሮችን ማወዳደር። የአንዱን ጋላክሲ መጠነ ቁስ በካርቦን 4፣ የሌላውን በኤች ቤታ ገምተው «ይህ በሁለት እጥፍ ይበልጣል» ማለት አይቻልም፤ ሁለት እጥፍ 0.3 ዴክስ ነው፣ ከዘዴው ወሰን በታች። ሰንጠረዥ ሲያወጡ ከውጤቱ ጎን የተጠቀሙበትን መስመር፣ ስፋቱን፣ ብርሃኑንና የቀመሩን ቋሚ ቁጥሮች ይጻፉ፤ ቀመሩ ነገ ቢሻሻል ሌላው ሰው ስፔክትረሙን ሳይነካ መልሶ ያሰላዋል።